ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ሙያን የአገር አስተዳደር መሠረት ያደረጉ ሰው

ሐረር፦ ከሐረር አቦከር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ የጨርጨርን ደጋ ሲያቋርጥ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችውን የጭሮን ከተማ ያገኛል። ጨርጨር ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በሠለጠነ ሰው የሚመራ፣ ሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጥለት አስተዳደር የተሞከረበት አውራጃ ነበር። ይህን ሥራ ከመሩት መካከል አንዱ በዘመናዊ ሕክምና ትምህርት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም ገደማ በጎንደር ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰባቸው ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ወደ መቅደላ ሄደ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ ከወላጆቻቸው ተለያዩ፤ አንድ የእንግሊዝ መኮንንም ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። አሳዳጊዎቻቸው በሆኑት ሁለት መኮንኖች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድገው በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተማሩ፤ በ1874 ዓ.ምም ተመረቁ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አጠናከሩ፤ በበርማም በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ።

በ1888 ዓ.ም የተገኘው የዐድዋ ድል ወሬ ባሉበት ደረሳቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይተውም የትውልድ አገራቸውን ፍለጋ መጡ። አማርኛ ባያውቁም ከዐፄ ምኒልክ ዘንድ ቀረቡ፤ አያታቸውም በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ለይተዋቸው ስማቸውንና ወገናቸውን መለሱላቸው። ከዚህ በኋላ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው በ1911 ዓ.ም አካባቢ ጠቅልለው ገቡ።

በዚያን ጊዜ ከሰሜኑ ደጋ ለወጣ ልጅ ዘመናዊ ትምህርት የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ሙያ ያገኙት ወላጆቻቸውን ባሳጣቸው የጦርነት አደጋ ነው። በአገልግሎት ዘመናቸው የደከሙበት ዋነኛ ጉዳይም የአገሪቱ ልጅ ሙያን በአደጋና በአጋጣሚ ሳይሆን በተቋም እንዲያገኝ ማድረግ ነበር።

በሚያዝያ 1917 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በራሳቸው ገንዘብ ያቋቋሙት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተቋቋመውን ትምህርት ቤትም ይመሩ ነበር። ነፃነት የተሰጠው ሰው ራሱን የሚያስተዳድርበት ሥራ ካልተማረ ነፃነቱ ከወረቀት እንደማያልፍ የተረዱ ሰው ነበሩ። በ1920 ዓ.ም በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ከአንድ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ነበር። በዚሁ ጉዞ የኒው ዮርክን ሃርለም ጎብኝተው ባለሙያ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል።

በ1920ዎቹ ዓመታት የጨርጨር ገዥ ሆነው ሲሾሙ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጀመሩትን ሥራ የማስፋት ዕድል አገኙ። በሌሎች አውራጃዎች ሹምና ወታደር ከገበሬው በሚሰበስበው ግብርና መስተንግዶ ይኖር ነበር። በጨርጨር ግን ሠራተኛው ከመንግሥት ገንዘብ ደመወዝ እንዲከፈለው፣ የአውራጃው ገቢም መልሶ ለመንገድና ለትምህርት እንዲውል ጥረት ተደረገ። ለዚህም ሥራ ውጭ አገር የተማሩ ወጣት ኢትዮጵያውያንንና ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎችን አሰባሰቡ። የአውራጃው ቡና በባቡር ወደ ውጭ ይላክ ስለነበር ለዚህ የሚሆን የገቢ ምንጭ አልጠፋም።

በ1927 ዓ.ም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ በወረራው ዘመንም ለአገራቸው ድጋፍ ለማሰባሰብ ሠሩ። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው በጥቁር አንበሳ ጦር ውስጥ ተሰለፉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ በተፈጸመው ግድያም በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። በዚያ ጭፍጨፋ አባት ልጆቹን ብቻ ሳይሆን፣ አገርም በብዙ ድካም ያፈራቻቸውን ጥቂት የተማሩ ልጆቿን አጣች። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከነፃነት በኋላ ረጅም ዓመታት ወስዷል።

ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዐረፉ። በኃላፊነት የመሩት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተብሎ፣ ከጊዜ በኋላም የመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ለመባል በቅቷል። የሕይወት ታሪካቸው ለመንግሥት ሠራተኛው የሚያስገነዝበው ቁም ነገር አለ፤ ሹመት ከሹሙ ጋር ያልፋል፣ ሙያ የሚያስተምር ተቋም ግን ስሙ እንኳ ቢለወጥ ሥራውን ይቀጥላል።