ኢስማኢል ያሲን፦ ከስዊዝ ወደብ እስከ ጅዳ ግቢዎች

በጅዳና በመካ ቤቶች የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ስሙን ባያውቁትም ፊቱን ያውቁታል። አመሻሽ ላይ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ የቤቱ አዛውንት ሻያቸውን ይዘው፣ ጥቁርና ነጭ የግብፅ ፊልም ሲጀመር፣ ትልቅ አፉን ከፍቶ የሚደነግጥ፣ አለቃው ፊት የሚርበተበት፣ ሮጦ ሊያመልጥ ሲል እዚያው አሳዳጁ እቅፍ ውስጥ የሚወድቅ አንድ ሰው ይመጣል። ቋንቋውን ገና ያልለመደ አዲስ ሠራተኛ እንኳ በእርሱ ለመሳቅ አስተርጓሚ አይፈልግም። ያ ሰው ኢስማኢል ያሲን ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1912 በስዊዝ ከተማ ነው። ስዊዝ ለሒጃዝ እንግዳ አልነበረችም። የግብፅ ሐጃጆች በመርከብ ወደ ጅዳ የሚነሡት ከዚያ ነበር፤ በካይሮ የተሸመነው የካዕባ ልብስ፣ ኪስዋ፣ ከማሕመሉ ጋር በስዊዝ አልፎ በቀይ ባሕር ወደ ጅዳ፣ ከጅዳም ወደ መካ ይጓዝ ነበር። የማሕመሉ ጉዞ ወደ መካ በቆመበት በ1926 ኢስማኢል ገና ዐሥራ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። እንግዲህ ጅዳን ሳያያት፣ ወደ ጅዳ የሚሄደውን ሰው ሲሸኝ በኖረ ከተማ ነው ያደገው ማለት ይቻላል።

ልጅነቱ ግን የደስታ አልነበረም። እናቱ በልጅነቱ ሞተችበት። ወርቅ ሠሪ የነበረው አባቱ ከሰረ። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ በጨርቅ መሸጫ ደጃፍ ቆሞ ደንበኛ መጥራት ጀመረ። በዚያ ዕድሜው ልቡ ያረፈው በሙዚቃ ላይ ነበር፤ እንደ መሐመድ ዐብደል ወሃብ ያለ ዘፋኝ ለመሆን ይመኝ ነበር። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ከአያቱ ስድስት ፓውንድ ወስዶ ወደ ካይሮ እንደ ኮበለለ፣ ገንዘቡም ቶሎ አልቆበት መስጊድ ውስጥ እንዳደረ ታሪኩን የጻፉት ያወሳሉ። በባዕድ ከተማ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያሳለፈ አንባቢ ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

በካይሮ በቡና ቤት አስተናጋጅነት፣ በጠበቃ ቢሮም በጸሐፊነት ሠራ። ዘፋኝ ለመሆን ያደረገው ሙከራ አልሠመረም፤ ድምፁ ባይከፋም፣ የፍቅር ዜማ ሲያዜም መልኩን ያየ አድማጭ መሳቅ ይጀምር ነበር። ይህ ለወጣት ልብ ቀላል ውርደት አይደለም። ውርደቱን ወደ እንጀራ ለመለወጥ የረዳው አቡ አል ሳዑድ አል ኢብያሪ የተባለው ደራሲ ነው። አል ኢብያሪ በባዲዓ መሳብኒ የመድረክ ቡድን ውስጥ አስገባው፤ ኢስማኢልም በዜማ እየቀለደ ብቻውን መድረክ የሚይዝ የሞኖሎግ ተጫዋች ሆነ። የሁለቱ ወዳጅነትና የሥራ ሽርክና ዕድሜ ልክ የዘለቀ ነው። ለእኔ ከኢስማኢል ሕይወት ውስጥ ትልቁ ዕድል ይህ ይመስለኛል፤ የሚያስቅ ፊት ብዙ ሰው አለው፣ ፊቱን አይቶ ቃል የሚጽፍለት ወዳጅ ግን ጥቂቱ ብቻ ያገኛል።

ወደ ፊልም የገባው በ1939 ነው። ለዐሥር ዓመት ያህል የዋናው ተዋናይ ጓደኛ ሆኖ ሠራ፤ ከዚያ ዋናው እርሱ ሆነ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ዓመት ከዐሥር በላይ ፊልሞች ላይ ይታይ ነበር። በ1954 ከአል ኢብያሪ ጋር የራሱን የቴአትር ቡድን አቋቋመ። በዚያው ዘመን ደግሞ በግብፅ ከዘፋኟ ለይላ ሙራድ በቀር ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠውን ክብር አገኘ፤ ስሙ ራሱ የፊልሙ ርዕስ ሆነ። ኢስማኢል ያሲን በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ፣ በባሕር ኃይል፣ በአየር ኃይል እየተባለ ተከታታይ ፊልም ወጣ። አብዛኞቹን ያዘጋጀው ፋቲን ዐብደል ወሃብ ነው። ከፊቱ ሆኖ የሚያስፈራራው፣ ግዙፉና ቁጡው ሃምሳ አለቃ፣ ሪያድ አል ቀሰብጊ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ በ1959 የወጣው «ኢስማኢል ያሲን ምስጢራዊ ፖሊስ» ነው። የመጀመሪያው የጀምስ ቦንድ ፊልም የታየው በ1962 መሆኑን ስናስታውስ፣ የካይሮው ቀልደኛ ኮቱንና ጥቁር መነጽሩን የሚያመልከውን ዓለም ሦስት ዓመት ቀድሞ ስቆበታል ማለት ነው። ቀልዱ የሚመነጨው ከቀላል ነገር ነው። የምስጢር ሰው ዋና ሀብቱ ማንም የማያስታውሰው ፊት ነው፤ እዚህ ግን ሥራው የተሰጠው በዐረቡ ዓለም ሁሉ ከመንገድ ማዶ ለሚታወቅ ሰው ነው። ጢም ቢለጥፍ፣ ልብስ ቢቀይር ያ አፍ አይደበቅም። በ1967 ፉአድ አል ሙሐንዲስ በ«የዓለም አደገኛው ሰው» ያንኑ ዘውግ በራሱ መንገድ ሲያሾፍበት፣ መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር።

ነገር ግን በ1960ዎቹ ዕድሉ ፊቷን አዞረችበት። ልቡ ታመመ፤ የፊልም ጥሪው ሳሳ፤ የግብር ዕዳ ተቆለለበት፤ በላቡ ያፈራው ሀብቱም ከእጁ ወጣ። በ1966 ቡድኑ ፈረሰ። ወደ ሊባኖስ ሄዶ ከቁመቱ በታች በሆኑ ትናንሽ ሚናዎች ሠራ። አል ኢብያሪ በ1969 ሞተ። ኢስማኢል ወደ ካይሮ ተመልሶ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደ ጀመረበት ሥራ ገባ፤ በምሽት ቤቶች ብቻውን ቆሞ ሞኖሎግ ማሰማት። ያኔ የጀመረው ወጣት ነበር፤ አሁን ግን የታመመ ሰው ነው፣ የሚያየውም ታዳሚ ትናንት በስሙ ፊልም ይሰለፍ የነበረው ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1972 በልብ ድካም አረፈ። ስድሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ልጁ ያሲን በኋላ የፊልም ዳይሬክተር ሆኗል።

በዚያው ዘመን ጅዳ በሌሊት የራሷ ሲኒማ ነበራት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እንደ ባብ ሸሪፍ ባሉ ሰፈሮች በተከለሉ ግቢዎች፣ በዐረብኛ ሆሽ በሚባሉት፣ ማታ ማታ ፊልም ይታይ ነበር፤ በብዛት የሚመጣውም የግብፅ ፊልም ነው። ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ቴሌቪዥን ወደ ቤት ገባ። ግቢዎቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተዘጉ። ሲኒማ ቤቶች በመንግሥቱ እንደገና የተከፈቱት በ2018 ሲሆን ጅዳ በ2019 መጀመሪያ የራሷን አገኘች፤ ከ2021 ጀምሮም የቀይ ባሕር ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ይካሄድባታል። ግቢ በተዘጋበትና አዳራሽ ባልተከፈተበት በዚያ ረጅም ዘመን የስዊዙ ልጅ በሳሎን ቤት ጥግ፣ በትንሿ መስታወት ውስጥ፣ ጢም ለጥፎ ማንም እንዳያውቀው ሲለፋ ኖረ፤ ሕፃናቱ ግን ገና ከበሩ ሲገባ ነበር የሚያውቁት።