አንትዋን ዳባዲና የኦሞ ወንዝ ካርታ

በሶዶ ከኦቶና በስተምዕራብ ያለው የወላይታ ምድር ወደ ኦሞ ሸለቆ ያዘነብላል፤ የምሥራቁ ውኃ ደግሞ በብላቴ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። ይህ ዛሬ ለተማሪ ልጅ እንኳ የታወቀ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግን የኦሞ መድረሻ የት እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ አልነበረም። በዚህ ጥያቄ ብዙ ከደከሙት አንዱ አንትዋን ዳባዲ ነበረ።

ዳባዲ በ1810 እ.ኤ.አ. ደብሊን ተወልዶ በፈረንሳይ አገር አደገ። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ገብቶ ዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ኖረ። የአሠራሩ ዘዴ ቀላል፣ ነገር ግን ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበረ፤ ይኸውም ከአንድ ተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ በዓይን የሚታዩትን ሌሎች ጫፎች አቅጣጫ በመሣሪያ እየለካ፣ ስማቸውንም ከአገሬው ሰው እየጠየቀ መመዝገብ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ተራራ ተሻግሮ ያንኑ መድገም ነው። በዚህ ሁኔታ እስከ እናርያና ከፋ ዘለቀ።

ሆኖም ከተራራ ጫፍ ላይ ተራራ እንጂ የገደል ወለል አይታይም። ወንዙ በሸለቆ ውስጥ ተሰውሮ የት እንደሚታጠፍ ያወቀው በመሣሪያው ሳይሆን ከመንገደኞች በሰማው ቃል ነበረ። በ1846 ከወንድሙ ጋር የጊቤን ምንጭ ሲያገኝ የነጭ ዓባይን መነሻ ያገኘ መሰለው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ አጥብቆ ተቃወመው። ስሕተቱ ከልኬቱ ሳይሆን ልኬቱ በቆመበት ቦታ ከጀመረው ግምት ነበረ፤ በአንድ ካርታ ላይ ሲሳሉ ግን ሁለቱም እኩል የታመኑ ይመስላሉ።

የልኬቱ መጽሐፍ ከ1860 እስከ 1873 ታተመ። በ1881ም ለአማርኛ መዝገበ ቃላት አበረከተ፤ የሰበሰባቸው የግዕዝ ብራናዎችም ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። ለብዙዎቻችን ሊቅነቱ የሚታወቀው በነዚህ ነው፤ የቀያሽነቱ ሥራ ግን ከዚህ አያንስም።

ጊቤ ኦሞ ሆኖ ዛሬ ቱርካና በሚባለው ሐይቅ እንደሚያበቃ ያረጋገጠው በ1896 ወንዙን ተከትሎ የወረደው ኢጣልያዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። ቦቴጎ መጋቢት 17 ቀን 1897 እ.ኤ.አ. በወለጋ፣ ጊዳሚ አጠገብ በውጊያ ሞተ፤ ዳባዲም ከሁለት ቀን በኋላ በፓሪስ አረፈ። የተረፉት የቦቴጎ ጓዶች ተማርከው ስለነበረ የወንዙ ካርታ አውሮፓ ሲደርስ ሽማግሌው በሕይወት አልነበረም።

በወላይታና በዳውሮ መካከል በ2016 የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ 243 ሜትር ከፍታ አለው። ከላይ ሆኖ ሊታይ ያልቻለው የገደሉ ወለል ዛሬ ከውኃ በታች ነው።