ፒንግን የጻፈው ሰው
ጌም ስትጫወቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል የምትናደዱበት ፒንግ የአንድ ሰው የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ሰውየው ማይክ ሙስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካ ተወለደ፤ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የጦር ሠራዊት ላቦራቶሪ ተቀጠረ።

ዲሴምበር 1983 ላይ የላቦራቶሪው ኔትወርክ ግራ የሚያጋባ ጠባይ አመጣ። ሙስ ቁጭ ብሎ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ሩቅ ያለውን ማሽን አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። በቃ። ስሙን ከሰርጓጅ መርከብ ሶናር ድምፅ ወሰደው።

እኔ ዓለም ባንክ አካባቢ ስዊች እየገጠምኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። ደንበኛ ኢንተርኔት የለም ብሎ ሲደውል መጀመሪያ ከስዊቹ ላይ ሆኜ ጌትዌዩን ፒንግ አደርጋለሁ። ከመለሰ እስከዚያ ያለው መስመር ደህና ነው። ቀጥሎ ቫን ጃኮብሰን የሠራው ትሬስራውት አለ፤ ፓኬቱን ዕድሜውን አሳጥሮ ይልከዋል፣ ዕድሜው ያለቀበት ራውተርም እዚህ ቀረ ብሎ ያሳውቃል። ኮከብ ብቻ ሲመጣ ግን ተቆርጧል ብላችሁ አትፍረዱ፤ እንዳይመልስ የተደረገ ራውተርም አለ እኮ።

ሙስ ለዓመታት የለፋው ቢአርኤል ካድ በተባለ የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ነበር። ዓለም ያወቀው ግን በፒንግ ነው። እንዲህ ዝነኛ እንደሚያደርገው ቢያውቅ ኖሮ አንድ ሁለት ቀን ይጨምርበት እንደነበር ጽፏል። ኖቬምበር 20 ቀን 2000 በመኪና አደጋ ሞተ። ዕድሜው 42 ነበር።