ዊልያም ቦውማንና የኩላሊት ልቃቂት

ዊልያም ቦውማን እ.ኤ.አ. በ1816 በእንግሊዝ አገር ናንትዊች በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ በባንክ ሥራ የሚተዳደር፣ ዕፅዋትን በመመርመር የታወቀ ሰው ነበር። ልጁ በበርሚንግሃም ከአንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ ሙያውን ከተለማመደ በኋላ በ1837 ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ገባ፤ በዚያም ማይክሮስኮፕ ከእጁ የማይለይ መሣሪያው ሆነ።

በዚያ ዘመን ሽንት ከደም እንደሚገኝ ቢታወቅም፣ ከየትኛው የኩላሊት ክፍል እንደሚመነጭ ያከራክር ነበር። ጣሊያናዊው ማልፒጊ በ1666 ከደም ሥሮች ላይ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ጥቃቅን አካላትን ገልጦ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐንስ ሙለር ግን በ1830 እነዚህ አካላት ከሽንት ቱቦዎች ጋር ግንኙነት የላቸውም አለ። የሙለር ቃል ደግሞ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም።

ቦውማን ክርክሩን በመርፌ ለመፍታት ተነሣ። የሰውና የልዩ ልዩ እንስሳት ኩላሊት እየወሰደ፣ ሲገናኙ ቢጫ ቀለም የሚሰጡ ሁለት ኬሚካሎችን በደም ቅዳው በኩል አስገባ። ነገሩ በዶርዜ ሸማኔ ቤት የተወሳሰበ ልቃቂትን ጫፍ እንደ መፈለግ ነው። ቀለሙ የደም ሥሮቹን ልቃቂት ሞልቶ አንዳንዱን ሲያፈነዳ በዙሪያው ወዳለው ስስ ከረጢት ፈሰሰ፤ ከከረጢቱም ወደ ቱቦው ወረደ። ጫፉ ተገኘ። በ1842 ጥናቱን ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ሲያቀርብ ዕድሜው 25 ዓመት ነበር፤ በዚያው ዓመትም ማኅበሩ ንጉሣዊ ሜዳሊያ ሸለመው።

ቅርጹን በትክክል ያየ ዓይን አሠራሩን ግን በከፊል ብቻ ተረዳ። ቦውማን ልቃቂቱ ውሃ ብቻ እንደሚያወጣ፣ የሽንቱን ጠጣር ነገሮች ደግሞ የቱቦው ሕዋሳት እንደሚያመነጩ ገመተ። በዚያው ዓመት ካርል ሉድቪግ በማርቡርግ ከተማ ሌላ አሳብ አቀረበ፦ የደም ግፊት ከፕሮቲንና ከደም ሕዋሳት በቀር ሁሉንም ገፍቶ ያጣራል፣ ከዚያ በኋላ ውሃው ከቱቦው ወደ ደም ይመለሳል አለ። ሉድቪግ ወደ እውነቱ ይበልጥ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም ቱቦው አንዳንድ ነገሮችን ራሱ ወደ ሽንት ስለሚጨምር የቦውማንም ግምት ከንቱ አልቀረም።

የጤነኛ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው 1 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ይህን የሚሠሩት አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ኔፍሮኖች ናቸው። የዶርዜ ሸማኔ ጋቢውን ተሸክሞ ከብርዳማው የጋሞ ደጋ ወደ ሞቃቱ አርባ ምንጭ ሲወርድ ላብ ውሃውን ይወስድበታል። አንጎሉ የደሙን መወፈር ዐውቆ ከፒቱታሪ ዕጢ ውሃ ቆጣቢ ሆርሞን ያስለቅቃል፤ የቱቦዎቹ መጨረሻ ለውሃ ይከፈትና ብዙውን ይመልሳል፤ ሽንቱም ያንሳል፣ ቢጫነቱም ይጠቁራል። ማታ ደጋው ላይ ውሃ ጠጥቶ ሲያርፍ በሩ ይዘጋል፣ ሽንቱም ይበዛል፣ ይነጣል።

ቦውማን ከዚህ ጥናት በኋላ ወደ ዓይን ሕክምና አዘነበለ። በሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል ዝነኛ ቀዳጅ ሆነ፣ በ1884 የባሮኔት ማዕርግ ተሰጠው፣ በ1892 ሞተ። የኩላሊቱ ክርክር ገና አልተቋጨም ነበር። በ1924 በአሜሪካ ዌርንና ሪቻርድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ቀጭን የመስታወት ቱቦ በእንቁራሪት ኩላሊት ወደ አንዱ የቦውማን ከረጢት አስገብተው ፈሳሹን ቀዱ። ፕሮቲን አልነበረበትም፤ ከፊኛው ሽንት የጠፋው ስኳር ግን በውስጡ ተገኘ።