ሃሪ ፈርጉሰን፡ ትራክተር በተዳፋትና በጭቃ ላይ ሳይገለበጥ እንዲያርስ ያስቻለው የገበሬ ልጅ

ፈጠራው ዛሬም በመላው ዓለም በሚመረቱ ትራክተሮች ላይ ይገኛል

ከትራክተር ኋላ የሚታዩት ሶስት የብረት ክንዶች ለብዙዎች ማረሻ ከማንጠልጠል ያለፈ ትርጉም ላይኖራቸው ይችላል። ክንዶቹ ከመፈጠራቸው በፊት ግን ትራክተር መንዳት ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ሥራ ነበር።

ይህን የለወጠው አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ነው። ከሞተ ከ60 ዓመታት በላይ ቢሆነውም ስሙ “ማሴይ ፈርጉሰን” በተሰኙት ቀያይ ትራክተሮች ላይ ዛሬም ይነበባል።

ፈርጉሰን በፈረንጆቹ 1884 በዛሬዋ ሰሜን አየርላንድ፣ ድሮሞር ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፤ ቤተሰቡ 11 ልጆች ነበሩት። አካባቢው ኮረብታማ፣ ዝናብ የሚበዛበትና ማሳውም ትንንሽ ነው።

የእርሻን ሥራ ያልወደደው ወጣት በ1902 ወደ ቤልፋስት አቅንቶ ወንድሙ በከፈተው የመኪናና የብስክሌት ጥገና ቤት ሥራ ጀመረ። በ1909 የመጨረሻ ቀን ደግሞ ራሱ በሰራው አውሮፕላን 120 ሜትር ገደማ በመብረር በአየርላንድ ምድር በሞተር ኃይል የበረረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ወደ ሸሸው እርሻ የመለሰው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የጀርመን ባህር ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታኒያ ምግብ የሚያጓጉዙ መርከቦችን ሲያሰጥሙ፣ መንግሥት ተጨማሪ መሬት እንዲታረስ ግፊት ማድረግ ጀመረ። በ1917 ፈርጉሰን ከባልደረባው ዊሊ ሳንድስ ጋር በአየርላንድ እየተዘዋወረ የትራክተሮችን ሥራ እንዲያሻሽል ኃላፊነት ተሰጠው።

በየማሳው ያየው ነገር አላስደሰተውም። ትራክተሩ በፈረስ ቦታ ተተካ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም ነበር፤ ማረሻው የራሱ ጎማ ያለው ሆኖ ከኋላ በሰንሰለት ይጎተታል። መሬቱ ሲረጥብ ወይም ተዳፋት ሲሆን የትራክተሩ ጎማ ባለበት ይሽከረከራል።

የአምራቾቹ መልስ ትራክተሩን ማክበድ ነበር። ከባዱ ብረት ደግሞ በጭቃ ውስጥ ይበልጥ ይሰምጣል፣ አፈሩን ይጠቀጥቃል፣ ነዳጅ ይፈጃል፣ ዋጋውም ከትንሽ ገበሬ አቅም በላይ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው አደጋው ነው። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ጋር ሲጋጭ ትራክተሩ ወደፊት መሄድ ያቅተዋል፤ ሞተሩ ግን መሥራቱን አያቆምም። በዚህ ጊዜ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱና ማሽኑ ወደ ኋላ ተገልብጦ በነጂው ላይ ይወድቃል። በወቅቱ በብዛት ይሸጥ የነበረው ፎርድሰን ትራክተር በዚህ መልኩ የብዙ ገበሬዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

ፈርጉሰን ትራክተሩና ማረሻው እንደ አንድ ማሽን መሥራት አለባቸው ብሎ አመነ። ለዓመታት በዘለቀ ሙከራም ማረሻውን በሶስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር የሚያገናኝ ማያያዣ ሠራ፤ ሁለት ክንዶች ከታች፣ አንድ ክንድ ከላይ።

ሲታረስ የታችኞቹ ክንዶች ማረሻውን ይጎትታሉ፤ የላይኛው ደግሞ ትራክተሩን ወደፊት ይገፋል። ይህ ግፊት የትራክተሩ አፍንጫ እንዳይነሳ ያግዛል። የማረሻው ክብደትና የአፈሩ ጫና ደግሞ በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። በመሆኑም ቀላል ትራክተር ተጨማሪ ብረት ሳይጫንበት መሬቱን ቆንጥጦ መያዝ ቻለ።

ቀሪው ችግር የጥልቀት ነበር። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የአፈሩን ጥንካሬ በእርፉ በኩል በእጁ ያውቃል፤ ሲጠነክር ያላላል፣ ሲለሰልስ ይጫናል። ፈርጉሰን ይህን የእጅ ዕውቀት ለማሽን ሰጠው። አፈሩ ሲጠነክር በላይኛው ክንድ ላይ የሚፈጠረው ግፊት የሃይድሮሊክ ቫልቩን ይነካል፤ ሃይድሮሊኩም ማረሻውን በትንሹ ያነሳዋል። ጫናው ሲቀንስ መልሶ ያወርደዋል። የዚህ ሥርዓት ዋነኛ የፈጠራ መብት የተመዘገበው በ1926 ነው።

ፈጠራውን ወደ ገበያ ማውጣት ግን ቀላል አልሆነም። ከእንግሊዛዊው አምራች ዴቪድ ብራውን ጋር በ1936 የተጀመረው ምርት ከ1,300 ትራክተሮች ብዙም ሳያልፍ ሁለቱ ሰዎች ባለመግባባት ተለያዩ።

ፈርጉሰን በኦክቶበር 1938 ትራክተሩን በመርከብ ጭኖ ወደ አሜሪካ በማምራት በሄንሪ ፎርድ ፊት አሳየ። በሥራው የተደነቀው ፎርድ እሱ ሊያመርት፣ ፈርጉሰን ሊሸጥ ተስማሙ። ስምምነቱ በእጅ መጨባበጥ ብቻ የታሰረ ነበር፤ አንድም ወረቀት አልተፈረመም።

በጁን 1939 ለዕይታ የበቃው ትራክተር ዋጋ 585 ዶላር ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ፈርጉሰን ሥርዓቱን የያዙ ከ300 ሺህ በላይ ትራክተሮች ከፎርድ ፋብሪካ ወጡ።

የኩባንያው አመራር ወደ ፎርድ የልጅ ልጅ ሲተላለፍ ግን የቃል ስምምነቱ ፈረሰ። ኩባንያው በ1947 ተመሳሳይ ሥርዓት ያለውን የራሱን ትራክተር መሸጥ ጀመረ። ፈርጉሰን 251 ሚሊዮን ዶላር ካሳ በመጠየቅ ክስ መሠረተ። ዓመታት የፈጀው ክርክር በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ በስምምነት ተቋጨ።

ክርክሩ ሲካሄድ ፈርጉሰን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ከ1946 እስከ 1956 ከ517 ሺህ በላይ “ቲኢ20” ትራክተሮች ተመርተዋል። ጉልበቷ ከ30 የፈረስ ጉልበት በታች የሆነው ይህች ግራጫ ትራክተር ከባባዶቹ በሚሰምጡበት ማሳ መሥራት ትችል ነበር።

አቅሟ ከእርሻም አልፎ ታይቷል። ኤድመንድ ሂላሪና ባልደረቦቹ በሰንሰለት ጎማ በታገዙ የፈርጉሰን ትራክተሮች በረዶውን አቋርጠው ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ ደርሰዋል። በሞተር ተሽከርካሪ በየብስ እዚያ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ ሰዎችም ሆነዋል።

ፈርጉሰን ኩባንያውን በ1953 ከካናዳው ማሴይ ሃሪስ ጋር አዋሃደ። በዋጋው ላይ የተፈጠረውን የ1 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ሁለቱ ወገኖች ሳንቲም ወደ ላይ በመወርወር የፈቱት ሲሆን፣ የተሸነፈው ፈርጉሰን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከኩባንያው ለቀቀ። ቀሪ ዘመኑን መኪኖች በአራቱም ጎማ ኃይል እንዲነዱ በሚያስችል ምርምር አሳልፎ በኦክቶበር 1960 በ75 ዓመቱ በእንግሊዝ በሚገኘው ቤቱ ሕይወቱ አልፏል።

የሶስት ነጥብ ማያያዣው ዛሬ ዓለም አቀፍ መለኪያ የወጣለት በመሆኑ፣ አንድ አምራች የሠራውን ማረሻ ሌላ አምራች በሠራው ትራክተር ላይ መግጠም ይቻላል።

ያስተማረው ትምህርትም አላረጀም። ዛሬም ግንድ ወይም የተቀረቀረ መኪና ለመጎተት ሰንሰለቱን ከፍ ባለ ቦታ ላይ የሚያስር ነጂ ትራክተሩ እንደ ጥንቱ ወደ ኋላ ሊገለበጥበት ይችላል። የሚጎተት ነገር መታሰር ያለበት ዝቅ ብሎ በተሠራው መሳቢያ ላይ ነው።

ማሳው ትንንሽ፣ መሬቱም ተዳፋትና ድንጋያማ በሆነባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገራት ፈርጉሰን የተነሳበት ጥያቄ አሁንም የብዙ ገበሬዎች ጥያቄ ነው። የእሱ መልስ ማሽኑን ከማክበድ ይልቅ ያለውን ክብደት በትክክለኛው ቦታ ማሳረፍ ነበር።