በሽኝቱ ዕለት ያልተጋበዙት የፈጣን ባቡር አባት

ጃፓናዊው ሽንጂ ሶጎ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1884 በኤሂሜ ግዛት ኒሃማ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው በ1909 የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኑ። ስማቸውን ያስጠራው ሥራ ግን በ71 ዓመታቸው የጀመሩት ነው።

በ1955 የሀገሪቱ ምድር ባቡር ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ድርጅቱ በተደጋጋሚ አደጋ የሕዝብ አመኔታ አጥቶ ነበር። ከቶኪዮ ኦሳካ የሚደርሰው ነባር መሥመርም መንገደኛና ጭነት በዝቶበት ተጨናንቋል። የባቡር ዘመን አልፏል፣ ገንዘቡ ለመኪና መንገድና ለአውሮፕላን ይዋል የሚሉም ጥቂት አልነበሩም። ሶጎ ግን ከነባሩ 1 ሺህ 67 ሚሊ ሜትር ጠባብ ሐዲድ የተለየ፣ 1 ሺህ 435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና ከመኪና መንገድ ጋር የማይገናኝ አዲስ መሥመር እንዲዘረጋ ተሟገቱ። ሥራ ለቅቀው የነበሩትን መሐንዲስ ሂዴኦ ሺማንም አግባብተው መለሱ።

ትልቁ ፈተና ገንዘብ ነበር። ሶጎ እውነተኛው ወጪ ቢነገር ምክር ቤቱ እንደማያጸድቀው ስለተረዱ ግምቱን ዝቅ አድርገው ወደ 200 ቢሊዮን የን አቀረቡ። ግንባታው በ1959 ተጀመረ። መንግሥት ሥራውን መሐል ላይ እንዳያቋርጠው ሲሉም በ1961 ከዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር ብድር እንዲወሰድ አደረጉ። የመሬት መግዣና የግንባታ ዋጋ እየናረ ሄዶ ግን ወጪው ወደ 380 ቢሊዮን የን አሻቀበ። ሶጎም በ1963 ኀላፊነቱን ወስደው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ሺማም ተከተሏቸው።

ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ከጠዋቱ 12 ሰዓት የመጀመሪያው ሺንካንሰን ከቶኪዮ ተነሣ። በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ወደ አራት ሰዓት አሳጠረው። አዛውንቱ ግን በጣቢያው የሽኝት ሥነ ሥርዓት ላይ አልተጋበዙም፤ ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተመለከቱ።

መሥመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትርፋማ ሆነ፤ በ1975ም እስከ ፉኩኦካ ተዘረጋ። ሶጎ በ1981 በ97 ዓመታቸው አረፉ። በ515 ኪሎ ሜትር የተጀመረው መሥመር ዛሬ ወደ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መረብ ሆኗል። በግጭት ወይም ከሐዲድ በመውጣት ሕይወቱን ያጣ አንድም ተሳፋሪ የለም። በሽኝቱ ዕለት ያልተገኙት ሰው ምስልም በቶኪዮ ጣቢያ፣ ፈጣኑ ባቡር በሚነሣበት መድረክ ላይ በነሐስ ተቀርጾ ይታያል።