ብዙዎችን የዘረረው ጆ ሉዊስና የመጨረሻ ዘመኑ

ባለፈው ዓመት በዚህ መጽሔት ስለ መዋጮ አከፋፈል ጥቂት ነገር ጽፈን ነበር። ዘንድሮ ደግሞ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውየው የሩቅ አገር ሰው ነው። ነገር ግን ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በተዘጋጀችበት ወራት ስሙ ከኢትዮጵያ ስም ጋር አብሮ ተነሥቷል። ከዚያም በላይ የመጨረሻ ዘመኑና የቀብሩ ነገር እንደኛ ላለ ቀባሪ ማኅበር የሚያስተምረው ብዙ ነው። ይህ ሰው አሜሪካዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሙሉ ስሙ ጆሴፍ ሉዊስ ባሮው ይባላል። ሜይ 13 ቀን 1914 አላባማ በሚባለው የደቡብ አሜሪካ ግዛት ከጥቁር ጭሰኛ ቤተሰብ ተወለደ። ደቡብ አሜሪካ ስንል የዩናይትድ ስቴትስን ደቡብ ክፍል ማለታችን ነው። ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ነበር። ገና ሁለት ዓመት ሲሆነው አባቱ አእምሮው ታወከና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ። እናቱ ሊሊ ባልሽ ሞቷል የሚል ወሬ ስለ ደረሳት ከጊዜ በኋላ ሌላ ባል አገባች። አባትየው ግን አልሞተም። እስከ 1938 ድረስ በሕይወት ነበር። ልጁ የዓለም ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ አባቱ በሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህንን ነገር አንባቢ በልቡ ያዝ ያድርግልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1926 ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ተጉዞ ዲትሮይት ከተማ ገባ። የእንጀራ አባቱ በፎርድ መኪና ፋብሪካ ተቀጠረ። ጆም በሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መማር ጀመረ። እናቱ ልጄ ሙዚቃ ይወቅ ብላ ለቫዮሊን ትምህርት ሳንቲም ትሰጠው ነበር። እሱ ግን ሳንቲሟን ወስዶ ለቦክስ መለማመጃ ቤት ይከፍላል። እናት ኋላ ብታውቅም አልከለከለችውም። የሥራ ማጣት ዘመን ነበረና ቤተሰቡ ከመንግሥት የችግረኛ ድጎማ እስከ መቀበል ደርሶ ነበር። ጆ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ያንን ወደ 270 ዶላር ገደማ የሚሆን ድጎማ ለከተማው መልሶ ከፍሏል። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ስናሳልፍ ብዙ ሒሳብ አይተናል፤ የተሰጠውን ድጎማ የመለሰ ሰው ግን አላየንም።

በ1934 የአማተሮች ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ቀን ገንዘብ በሚከፈልበት ቦክስ የመጀመሪያ ግጥሚያውን ቺካጎ ላይ አድርጎ ተጋጣሚውን በአንደኛው ዙር ዘረረ። ያገኘው 59 ዶላር ነበር። አሠልጣኙ ጃክ ብላክበርን የሚባል የቀድሞ ቦክሰኛ ሲሆን፣ እግር አቀማመጥና ቀጥተኛ ምት ያስተማረው እሱ ነው።

አሁን ወደ እኛ ነገር እንምጣ። ጁን 25 ቀን 1935፣ በኛ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ጆ ሉዊስ ኒው ዮርክ ውስጥ ከኢጣልያዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ካርኔራ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ነው። ክብደቱ ከ115 ኪሎ በላይ የሆነ ግዙፍ ሰው ነበር። ጆ 90 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሙሶሊኒ ወሰናችን ላይ ጦር የሚያከማችበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ግጥሚያው የሁለት ሰዎች ቦክስ መሆኑ ቀርቶ የኢጣልያና የኢትዮጵያ ጦርነት ተደርጎ ተወራ። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ገባ። ካርኔራ በስድስተኛው ዙር ደጋግሞ ወደቀና ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። የሐርለም ጥቁር ሕዝብ መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ታዲያ ምን ይሆናል፣ ቦክስ ጦርን አያቆምም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። ቢሆንም በዚያ ክፉ ቀን ባሕር ማዶ ሆኖ የኛን ስም ያስጠራ ወንድም እንደ ነበረን ማወቅ ደግ ነው።

በ1936 ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በአሥራ ሁለተኛው ዙር ዘረረው። ይህ የመጀመሪያ ሽንፈቱ ነበር። ጆ ግን ተነሣ። ጁን 22 ቀን 1937 ጂም ብራዶክን በስምንተኛው ዙር ዘርሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ልክ በዓመቱ ከሽሜሊንግ ጋር እንደ ገና ተገናኙ። ሒትለር ስለ ዘር የበላይነት የሚደነፋበት ጊዜ ነበርና ዓለም በሙሉ ራዲዮ ከቦ ተቀመጠ። ነገሩ ሁለት ደቂቃ ከአራት ሴኮንድ ብቻ ፈጀ። ሽሜሊንግ ተዘረረ። ሽሜሊንግ ራሱ የናዚ ፓርቲ አባል እንዳልነበረ ግን መግለጽ ይገባናል። ይህን ሰው በታሪካችን መጨረሻ ላይ ዳግመኛ እናገኘዋለን።

ከዚያ በኋላ ጆ ሉዊስ ሻምፒዮንነቱን ወደ 12 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይዞ ቆየ። 25 ጊዜ ለዘውዱ ተጋጥሞ 25 ጊዜ አሸነፈ። በከባድ ሚዛን ይህን ያህል ያደረገ ሌላ የለም።

ገንዘቡስ የት ገባ? የሒሳብ ሰው ስለሆንን ይህንን ሳንጠይቅ ማለፍ አንችልም። በቦክስ ዘመኑ ሁሉ ከ4 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር በላይ ሲገኝ እሱ እጅ የገባው ግን 800 ሺህ ያህል ብቻ ነው ተብሎ ተጽፏል። የቀረው የሥራ አስኪያጆቹና የሌሎች ድርሻ ሆነ። ከደረሰውም ላይ ለዘመድ፣ ለጓደኛ፣ ለለመነው ሁሉ ይሰጣል። ምግብ ቤት ከፈተ፣ ከሰረ። የኢንሹራንስ ኩባንያ ተባለ፣ የወተት ንግድ ተባለ፣ አልሆነም። ጎልፍ ሲጫወትም በገንዘብ እየተወራረደ ብዙ ያጣ ነበር። እጁ ለመስጠት እንጂ ለመያዝ አልተፈጠረም።

በ1942 መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ለሻምፒዮንነት ተጋጥሞ የመጀመሪያውን ክፍያውን ለባሕር ኃይል፣ ሁለተኛውን ለምድር ጦር ወታደሮች መርጃ ሰጠ። ራሱም ወታደርነት ተቀጠረ። በጦርነቱ ዓመታት 96 ያህል ማሳያ ግጥሚያ በየጦር ሰፈሩ አድርጎ ወታደሩን አስደስቷል። በ1945 የክብር ሜዳልያ ተሸለመ።

ከጦርነቱ በኋላ የግብር መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን ገለጠ። ለጦሩ የሰጠው ገንዘብ እንኳ ገቢው ነው ተብሎ ተቆጠረበት። በዚያን ጊዜ ከከፍተኛ ገቢ ላይ የሚቆረጠው ግብር ከመቶ 90 የሚደርስ ነበር። በ1950 ዕዳው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ወለድ ደግሞ አያንቀላፋም። እያደር ከሚሊዮን በላይ ሆነ። ዕዳውን ለመክፈል ቢቦክስ፣ ከሚያገኘው ላይ አዲስ ግብር ይመጣበታል። እናቱ በ1953 ስትሞት የተናዘዘችለትን 667 ዶላር እንኳ ግብር ሰብሳቢው ወሰደው። ያች ለቫዮሊን ሳንቲም የምትቆጥርለት እናት ማለት ነው።

በ1949 ቦክስ አቁሜአለሁ ብሎ ነበር። ዕዳው ግን መለሰው። በ1950 ኤዛርድ ቻርልስ በነጥብ አሸነፈው። ኦክቶበር 26 ቀን 1951 ወጣቱ ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ዘርሮ ከገመዱ ውጪ ጣለው። የዚያን ጊዜ ዕድሜው 37 ነበር። ማርሲያኖ ራሱ ሲያደንቀው ያደገ ልጅ ስለ ነበር ማሸነፉ አሳዝኖት አለቀሰ ይባላል። በ1956 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሰው ለትርኢት በሚደረግ ነፃ ትግል ገባ። እዚያም ጎድኑ ተሰበረ፣ ልቡም ተጎዳ። ለዕለት ጉርስ ነውና ሥራ አይናቅም፤ ግን ያየው ሁሉ አዘነ።

ወገኖቼ፣ ሰው የሚወድቀው መድረክ ላይ ብቻ አይደለም። ጆ ኮኬይን የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ መውሰድ ጀመረ። በ1969 ኒው ዮርክ ውስጥ በመንገድ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። በመጀመሪያ ድካም ነው ተባለ፤ ዕፁ መሆኑ ኋላ ተገለጠ። ከዚያ አእምሮው ታወከ። ሊገድሉኝ ያሴራሉ የሚል ፍርሃት ያዘው። መርዘኛ ጋዝ ይለቁብኛል ብሎ የሆቴል ክፍሉን የአየር ቀዳዳ ይደፍን ጀመር። ዓለም የፈራው ክንድ ጥላውን ፈራ።

በ1970 ሦስተኛዋ ሚስቱ ማርታና በስሙ የሚጠራው ልጁ ሕግ ጠይቀው ኮሎራዶ ውስጥ ሆስፒታል አስገቡት። አምስት ወር ያህል ታከመ። ከላይ አባቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብቶ ነበር ብለን ነበር፤ ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። የአባት ሕመም ለልጅ ተረፈ ወይስ የደረሰበት ድብደባና ዕፁ አመጡት፣ ያንን ለሐኪም እንተወዋለን። የኛ ነገር ሌላ ነው። አባትየው ታሞ ሲገባ ሞተ ተብሎ ተረሳ። ልጅየውን ግን ሚስትና ልጅ ሳያፍሩ አሳክመው መልሰው አወጡት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የግብር መሥሪያ ቤቱም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀድሞ ልቡን አራርቶ፣ ከሚያገኘው ላይ ብቻ እንዲከፍል ተስማምቶ ነበር። ከሕክምናው በኋላ ላስ ቬጋስ ከተማ ሲዛርስ ፓላስ የሚባለው ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ አድርጎ ቀጠረው። ሥራው ሰው መጨበጥና አብሮ ፎቶግራፍ መነሣት ነው። አንዳንዶች ይህ ውርደት ነው ይላሉ። እኛ ግን አንስማማም፤ ሰውየው ቤትና ደመወዝ ነበረው፣ ሰው ስሙን እየጠራ ይጨብጠዋል። በ1977 ልቡ ላይ ከባድ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነበር። ኤፕሪል 11 ቀን 1981 ምሽት የከባድ ሚዛን ግጥሚያ ሊያይ በዚያው ሆቴል ተገኝቶ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በማግሥቱ ልቡ ቆመ። ዕድሜው 66 ነበር።

ቀብሩስ? የአሜሪካ ጀግኖች በሚያርፉበት በአርሊንግተን መካነ መቃብር ነው። እዚያ ለመቀበር ደንቡ የማይፈቅድለት ቢሆንም ፕሬዚዳንት ሬገን ደንቡን አንሥተው በወታደራዊ ክብር እንዲቀበር አደረጉ። ከቀብሩ ወጪ ከፊሉን የሸፈነው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ በሁለት ደቂቃ የዘረረው ጀርመናዊ፣ ማክስ ሽሜሊንግ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወዳጆች ሆነው ነበር፤ በሕይወት ሳለም በገንዘብ ይረዳው እንደ ነበር ይነገራል። ጠላቱ ዕድርተኛው ሆነ ማለት ነው።

ይህንን ታሪክ ለምን መረጥን? እውነቱን እንናገር። በሰፈራችን አንድ የኳስ ተጫዋች ነበረ። ስሙን አናነሣም፤ ትልልቆቻችሁ ታውቁታላችሁ። በወጣትነቱ እሁድ እሁድ ስታዲየም ስሙን እየጠራን ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸንለታል። ጉልበቱ ተጎዳና ኳስ አቆመ። ከዚያ አረቄ ቤት ገባ። ሚስቱ ሄደች፣ የኪራይ ቤቱን ተነጠቀ፣ በሰው በረንዳ ማደር ጀመረ። ብቻውን ያወራ ነበር። የዕድር መዋጮውን መክፈል ካቆመ በኋላ ደንቡ በሚያዘው መሠረት ስሙ ከመዝገብ ተሰረዘ። ያንን ቀይ መስመር ያሠመርነው እኛ ነን፤ የዚያን ጊዜ የዕድሩ ጸሐፊ ነበርን። ሒሳቡ ልክ ነበር። አንድ ሳንቲም አልተሳሳትንም። አንድ ቀን እንኳ በረንዳው ድረስ ሄደን ለምን አልከፈልህም ብለን ግን አልጠየቅነውም። ሲሞት ድንኳን አልተተከለለትም፤ ጡሩምባም አልተነፋለትም። ጥቂት ሰዎች ከኪሳችን አዋጥተን ቀበርነው። የጆ ሉዊስን የግብር ዕዳ ባነበብን ቁጥር ያ ቀይ መስመር ይታየናል።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። መዋጮ ያቋረጠ አባል ስሙ ከመሰረዙ በፊት ሦስት ሰዎች ተመርጠው ያለበት ድረስ ሄደው ይዩት። በመጠጥ ወይም በአእምሮ ሕመም የተያዘ ሆኖ ከተገኘ፣ እስኪታከም ድረስ መዋጮው ይቆይለት፤ ለማሳከምም ከመጠባበቂያው የተወሰነ ይመደብ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስሌቱን ሠርተን ለሥራ አስፈጻሚው ሰጥተናል። ዕድራችን ሰው ሲሞት ብቻ ከቤቱ የሚወጣ አይሁን። ድንኳኑስ ሁልጊዜ አለ፤ የሰውየው ጤና ግን አንዴ ካመለጠ አይገኝም።

በተረፈ ሁላችንንም ቸር ያሰማን። ዓመት ዓመት ያድርሰን።